«ይበል!» ባይ ያጣ ልብ ወለድ

ታሪኳን ያነበብነው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሳለን ነው። ጣና ደርቋል። ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ በእግር ይኬዳል። ሰዉ የሐይቁን ወለል ተከፋፍሎ ጤፍ ዘርቶበታል። አንድ ታንኳ ሠሪ ሽማግሌ ብቻ ዛሬም ደንገል ፍለጋ አገር ያካልላሉ። ሰው ሲስቅባቸው «ውኃው የተመለሰ ዕለት በምን ልትሻገሩ ነው?» ይላሉ። ከጋዜጣ ግማሽ ገጽ የማትበልጥ አጭር ልቦለድ ነበረች። እምቦጭ ጣናን ወርሮ የሐይቁ ነገር በየቤቱ የሚወራበት ሰሞን ስለነበር ክፍል ውስጥ እየተቀባበልን አነበብናት።

ዛሬ ያቺ ታሪክ የለችም። ጋዜጣዋ ቆማለች። አዟሪዎችን ጠየቅን፤ አሮጌ ጋዜጣ በኪሎ የሚገዙ ባለሱቆችንም ጠየቅን። በርበሬና ስኳር ተጠቅልሎባት አልቃለች። የደራሲውን ስም ሦስታችን ሦስት ዓይነት አድርገን ነው የምናስታውሰው። ርእሷንማ ማንም አያስታውሳትም።

ቁጭት ነው ደብተር ያስገዛን። አጭር ልቦለድ፣ በተለይ «እንዲህ ቢሆንስ?» ብሎ የሚነሣውን ምናባዊ ታሪክ፣ ባገኘንበት እያነበብን ለእያንዳንዱ አንድ ገጽ መጻፍ ጀመርን። ማን ጻፈው? የት ወጣ? መቼ? የቱ ጋ ያዘን? የቱ ጋ ለቀቀን? ክፍያ የለውም። «ታዲያ ምን ይጠቅማችኋል?» የሚለን ብዙ ነው። መልስ ፍለጋ ወደ ኋላ ስንሄድ ግን ሥራው የእኛ ፈጠራ እንዳልሆነ አየን። በዚሁ በጎጃም ምድር ለብዙ ዘመን ሲሠራ የኖረ ነው።

ዋሸራን፣ ጎንጅን፣ ዲማን ያስቡ። የቅኔ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ቁራሽ እየለመነ በየቀኑ አዲስ ቅኔ ይቆጥራል። የትናንቱን መድገም ነውር ነው፤ የሌላውን መስረቅማ አይነሣ። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ መወድስ ስምንት። በሁለት ቤት ውስጥ ሰሙ አንድ ነገር ያሳያል፣ ወርቁ ሌላ። ተማሪው የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል። የኔታ ያዳምጣሉ፤ ቤት ያልመታውን፣ ምሥጢሩ የተፋለሰውን ያቃናሉ። ጓደኞቹም ይሰማሉ። ያማረ እንደሆነ «ይበል!» ይባልለታል። ካላማረም ተማሪው ከሰሚው ፊት ያውቀዋል።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ያ ሁሉ ሰሚ ደመወዝ የለውም። ቅኔውም አንዴ ተብሎ የሚያልፍ ነው። ያቆየው ሰምቶ በቃሉ የያዘውና «ይህ የእገሌ ነው» ብሎ ከነባለቤቱ ያስተላለፈው አድማጭ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1918 ዓ.ም. የቀደሙትንና የኋለኞቹን ሊቃውንት ቅኔ ሰብስበው «መጽሐፈ ቅኔ»ን ሲያሳትሙ፣ ከእሳቸው በኋላም የመልአከ ብርሃን አድማሱ ጀምበሬ «ዝክረ ሊቃውንት» ሲታተም፣ ወረቀት ላይ የሰፈረው እነዚያ አድማጮች ያቆዩት ቃል ነው።

ግጥምጥሞሹ ይገርማል። በዚያው በ1918 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1926) ሁጎ ገርንስባክ የተባለ ሰው ኒው ዮርክ ላይ «አሜዚንግ ስቶሪስ» የምትባል መጽሔት አቋቋመ። ለሳይንሳዊ ልቦለድ ብቻ የቆመች የመጀመሪያዋ የእንግሊዝኛ መጽሔት ናት። ታሪኮቹ ሁሉ ድንቅ አልነበሩም። ትልቁ ቁም ነገር ሌላ ነበር፤ መጽሔቷ የአንባቢዎችን ደብዳቤ ከነአድራሻቸው ታትም ጀመር። አንባቢ ለአንባቢ መጻጻፍ ጀመረ፣ ማኅበር መሠረተ፣ የራሱን ትንንሽ መጽሔቶች አባዛ። እ.ኤ.አ. በ1993 ዴቭ ትሩዝዴል የጀመረው «ታንጀንት» የዚያ ልማድ ልጅ ነው፤ በጎ ፈቃደኞች በየመጽሔቱ የሚወጣውን ምናባዊ አጭር ልቦለድ እያነበቡ አስተያየት የሚጽፉበት። የእነሱም «ይበል» እንግዲህ ይኸው ነው።

እኛስ ዘንድ? ወደ ሐይቁ እንመለስ። «ልብ ወለድ» የሚለው መጠሪያ የመጣው ከዚህ ከጣና ዳር ሰው ነው። ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የተወለዱት በ1860 ዓ.ም. ዘጌ ነው፤ ዛሬ ቱሪስት በጀልባ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ገዳማቱን ሊያይ የሚወርድባት፣ ቡና የሸፈናት ዘጌ። ጣልያን አገር ተምረው፣ በኋላም ኔፕልስ ላይ አማርኛ ሲያስተምሩ ቆይተው በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ አንድ መጽሐፍ አሳተሙ። ርእሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር። የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ የምንለው፣ በኋላ «ጦቢያ» የተባለው እሱ ነው። ልጅቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች። ልብ የወለደው ማለት ነው፤ ያልሆነ፣ ግን ቢሆን የሚያሰኝ። የአንድ መጽሐፍ ርእስ የዘርፉ ሁሉ ስም ሆኖ ቀረ። ደራሲው በኋላ ከወራሪው ፋሺስት ጋር በመወገናቸው ስማቸው ጠቁሯል፤ ቃላቸው ግን በየቀኑ ከአፋችን አይጠፋም።

ታዲያ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ቅኔ ከነሰሚው ተወለደ። ልብ ወለድ ግን ሰሚው በሌለበት ተወለደ። የታተመው ባሕር ማዶ ነው፤ አገር ቤት ማንበብ የሚችለው ጥቂት ነበር፤ ከማንበብ አልፎ «ይህ ቤት አልመታም» የሚል ጉባኤ ደግሞ አልተከተለውም። ታደሰ ሊበን «መስከረም»ን በ1949 ዓ.ም. አሳትመው አጭር ልቦለድን በአማርኛ መጽሐፍ ሲያደርጉ፣ ዘርፉ ያው ብቸኝነቱን ይዞ ነው የመጣው። ከዚያ ወዲህ አጭር ልቦለድ በ«መነን»ም በ«የካቲት»ም ወጥቷል። ኩራዝ አሳታሚ በ1970ዎቹ «አባ ደፋርና ሌሎች አጫጭር ታሪኮች»ን ባያሳትም ኖሮ የዚያን ትውልድ ሥራ ዛሬ ፍለጋ በወጣን ነበር። መጽሐፍ የሆነው ተረፈ። በጋዜጣና በመጽሔት የቀረው ዕድሉ የሱቅ መጠቅለያ ነው።

ሐያሲ አልነበረንም ማለታችን አይደለም። ነበሩ፤ አሉም። ግን በአብዛኛው የሚጻፈው ስለ ረጅሙ፣ ስለ ታዋቂው መጽሐፍ ነው። ለጀማሪ የሦስት ገጽ ታሪክ ጊዜውን የሚሰጥ የለም። ደግሞ ቃሉም ተበላሽቶብናል። «ሒስና ግለ ሒስ» በደርግ ዘመን የስብሰባ ቋንቋ ሆነ። «ግምገማ»ም በኢሕአዴግ ዘመን ሰው ከወንበሩ የሚነሣበት ሆነ። ዛሬ አንድን ጸሐፊ «ሥራህን እንገመግምልሃለን» ብትሉት ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ስለዚህ እኛ «እናነብልሃለን» ነው የምንለው።

አንባቢ የለም የሚባለውን ግን አንቀበልም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ሲወጣ መጽሐፍ አንሥቶ የማያውቀው ሳይቀር ተሻምቶ አንብቦታል፤ ደጋግሞም ታትሟል። ታሪኩ የጣናን ገዳማት ከጠፈር ሳይንስ ጋር ያጋጠመ ነው። የናሳ መሐንዲስ የሆነውን ገጸ ባሕርይ ብዙ አንባቢ ከእውነተኛው ኢንጂነር ቅጣው እጅጉ ጋር ያያይዘዋል። እሳቸው ደግሞ በ1955 ዓ.ም. በተከፈተው በባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ የተማሩ ሰው ነበሩ። በጣና ዳር «እንዲህ ቢሆንስ?» ማለት እንግዳ ነገር አይደለም ማለት ነው። አጭሩን ታሪክ ብቻ ነው ማንም የማይቆጥረው።

መቁጠር ምን ያህል እንደሚጠቅም ያስተማረችን ክብራን ገብርኤል ናት። ደሴቲቱ ከባሕር ዳር ቅርብ ናት፤ ሴት ግን ገዳሙ አትገባም። ከመካከላችን ሴቶቹ ጀልባው ላይ ቀርተን ወንዶቹ ወርደው ይመለሳሉ። ኤርንስት ሀመርሽሚት የተባሉ ጀርመናዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የጣናን ገዳማት ብራናዎች በማይክሮፊልም አንሥተው፣ የክብራንን መጻሕፍት አንድ በአንድ የሚገልጽ ካታሎግ እ.ኤ.አ. በ1973 አሳትመዋል። ይህን ብራና ማን ጻፈው? ለማን ተጻፈ? ስንት ቅጠል አለው? ምን ይዟል? እግራችን የማይደርስበትን ዕቃ ቤት በዝርዝሩ አየነው። እንዲህ ያለ ደረቅ ዝርዝር ለሰው በር ይከፍታል ብለን አስበን አናውቅም ነበር።

እንግዲህ ደብተራችን ያችን ታህል ናት። ስሕተታችንም ብዙ ነው። በመጀመሪያው ዓመት የጻፍነውን መልሰን ስናነበው ሁሉም «ይበል» ነበር። ባሕር ዳር ሰፊ ብትሆንም ጸሐፊዎቿ ጥቂት ናቸው፤ ዛሬ የነቀፉትን ሰው ነገ ቡና ቤት ያገኙታል። ይሉኝታ ያዘን። አንድ ጓደኛችን መጨረሻው የተቻኮለ ታሪክ አመጣልን፤ እያወቅን አመሰገንነው። ታሪኩን እንዳለ አሳተመው። በኋላ ስሕተቱን ከሌላ ሰው ሲሰማ መጥቶ «እናንተ አላያችሁትም ነበር?» አለን። አይተነው ነበር። መልስ አልነበረንም። የኔታ ተማሪያቸውን የሚያርሙት ስለማይወዱት አይደለም፤ ቤት ያልመታ ቅኔ ይዞ ማኅሌት ፊት እንዳይቆም ነው። ይህን ያወቅነው ጓደኛ ካስቀየምን በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ የጓደኛን ሥራ ያልቀረበው ሰው ያነባል። እስከ መጨረሻው ያላነበበ አይጽፍም። ነቀፌታ ያለው የቱ ጋ እንደሆነ መስመሩን ይጠቁማል። የወጣበት ጋዜጣና ቀን ሳይጻፍ ገጹ አይዘጋም። ሌሎቹም እየሠሩ ነው፤ ናይጄሪያውያን እ.ኤ.አ. በ2014 «ኦሜናና»ን ለአፍሪካ ምናባዊ አጭር ልቦለድ ከፍተዋል። የአፍሪካ ምናባዊ ልቦለድ ማኅበርም ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ኖሞ» የተባለውን ሽልማት ለአጭር ልቦለድም ጭምር መስጠት ጀምሯል። ከአማርኛ የሚቀርበው ምን እንደሆነ ለመናገር ግን መጀመሪያ ምን እንዳለን ማወቅ ይኖርብናል።

የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ እስካሁን አልሞላም። ርእስ፦ ባዶ። ደራሲ፦ ባዶ። የወጣበት ቀን፦ ባዶ። ከሥሩ «ጣና ደርቆ ታንኳ የሚሠሩ ሽማግሌ» ብለን ጽፈናል፤ ከዚያም በታች «ይበል!»። ደራሲው ይህን አላየም። ምናልባት ማንም እንዳላነበበው ቆጥሮ መጻፉን ትቶም ይሆናል። የሚያውቀው ካለ ይንገርልን። ጽሑፏ ያለችው ደግሞ እባክዎ ለመጠቅለያ እንዳትሰጧት።

ቸር ያሰንብተን።