ሳይቃጠል በቅጠል፤ የክብሪት ሠራተኞች ታሪክ

ክብሪት በየቤቱ የሚገኝ ትንሽ ዕቃ ስለ ሆነ ታሪክ ያለው አይመስለንም። ነገር ግን የሠራተኛ ጤና እንዴት እንደሚጠበቅና እንዴትም ችላ እንደሚባል ለመረዳት ለምንሻ ተማሪዎች ብዙ ትምህርት ይሰጠናል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1830ዎቹ ጀምሮ የክብሪት ራስ የሚሠራው ከነጭ ፎስፎረስ ነበር። ይህ ክብሪት በማናቸውም ሻካራ ነገር ላይ ሲጭሩት ስለሚነድና ዋጋውም ርካሽ ስለ ነበረ ገበያው እጅግ ሰፋ። ይሁን እንጂ ከፎስፎረሱ የሚወጣው ጢስ በየቀኑ የሚተነፍሱትን ሠራተኞች ቀስ በቀስ ይጐዳቸው ነበር። ሕመሙ እንደ ጥርስ ሕመም ይጀምራል፤ ቀጥሎ ድድ አብጦ ይመግላል፤ በመጨረሻም የመንጋጋ አጥንት ይሞታል። መንጋጋቸው በቀዶ ሕክምና የወጣ ብዙዎች ናቸው፤ የሞቱም አሉ። ሎሪንዘር የተባለ የቪየና ሐኪም በ1845 በሽታው ከክብሪት ሥራ የመጣ መሆኑን ገለጸ።

መድኀኒቱም ሩቅ አልነበረም። በዚያው ዘመን ሽሬተር የተባለ ኦስትሪያዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ጢሱ የማይመርዘውን ቀይ ፎስፎረስ አስታወቀ። ሉንድስትሮም የተባሉት የስዊድን ወንድማማቾች ደግሞ ቀዩ ፎስፎረስ በሣጥኑ ጐን የተቀባበትን ክብሪት በ1855 በፓሪስ ኤግዚቢሽን ላይ አቀረቡ። ዛሬ የምንጭረው የዚህኑ ዓይነት ነው።

ታዲያ ነጩ ፎስፎረስ ስለ ምን ወዲያው አልቀረም? ነጩ ርካሽ ስለ ነበረና የሚጐዱትም ድሆች፣ አብዛኛዎቹም ሴቶችና ልጃገረዶች ስለ ነበሩ ነው። በሐምሌ ወር 1888 ለንደን ውስጥ 1400 የሚያህሉ የክብሪት ፋብሪካ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። በስምምነቱም መሠረት ከደመወዛቸው ይቈረጥ የነበረው መቀጫ ቀረላቸው፤ ምግባቸውንም መርዙ ካለበት ክፍል ውጭ የሚበሉበት ቦታ ተፈቀደላቸው።

ፊንላንድ በ1872፣ ዴንማርክ በ1874 ነጩን ፎስፎረስ ከለከሉ። በ1906 ስዊስ አገር በበርን ከተማ መንግሥታት ተሰብስበው የሚከለክል ውል አደረጉ። የእንግሊዝ ሕግ በ1908 ወጥቶ በ1910 ሥራ ላይ ዋለ። የዓለም የሥራ ድርጅትም በተመሠረተበት በ1919 አባሎቹ ሁሉ ወደ ውሉ እንዲገቡ ጠየቀ። አገራችን ኢትዮጵያ የዚህ ድርጅት አባል የሆነችው በ1923 ነው።

እንግዲህ መድኀኒቱ ከታወቀ በኋላ ግማሽ ምእት ዓመት የሚያህል ጊዜ ባክኗል፤ በዚህ መካከል የጠፋውን መንጋጋ ማንም ሊመልሰው አልቻለም። ሠራተኛውን «ተጠንቀቅ» ማለት መልካም ነው፤ ነገር ግን አደገኛውን ነገር በማይጐዳ ነገር መለወጥ ከሁሉ ይቀድማል። ይህ ካልተቻለ ጢሱን ማስወጣት፣ መብያውን ከመሥሪያው መለየት፣ እጅን መታጠብና በየጊዜው መመርመር ያስፈልጋል።

ከእኛም መካከል ነገ መሐንዲስ፣ ሐኪም፣ የፋብሪካ ኀላፊ የሚሆን አለ። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉትን ያን ጊዜ በሥራ ልናሳየው ይገባናል።