ዜና ዶን ይስሐቅ፣ ኦሪት ዘዳግምን የተረጐመ

ወሩንና ዓመቱን በአውሮፓውያን ቁጥር እንጽፋለን። በ1437 በፖርቱጋል ከተማ በሊዝበን ከይሁዳ አብራቫኔል ቤት ይስሐቅ ተወለደ። ቤተ ሰቡ ትውልዱን ከዳዊት ቤት ይቈጥራል። አያቱ ሳሙኤል በካስቲል ነገሥታት ዘንድ የገንዘብ ሹም የነበረ ሰው ነው፤ በሴቪልያ በክፉ ዘመን የደረሰበትን እንተወዋለን፤ የእግዚአብሔር ምሕረት ሰፊ ናትና።

ይስሐቅም ሕግንና ነቢያትን፣ የአርስጣጣሊስንም ፍልስፍና ተምሮ አደገ። በጐልማሳነቱ ኦሪት ዘዳግምን እየተረጐመ መጻፍ ጀመረ። ነገር ግን ንጉሡ አልፎንሶ 5ኛ ወደ ግምጃ ቤቱ ሥራ ጠራው፤ መጽሐፉም በጅምር ቀረ።

በ1471 በኦገስት ወር አልፎንሶ ባሕር ተሻግሮ በሞሮኮ ምድር አርዚላን ያዘ። ከከተማይቱም 250 አይሁድ ተማርከው በባርነት ተሸጡ፤ ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ በየጌታው ደጅ ተለያዩ። ዶን ይስሐቅ ይህን ሰምቶ እህል ውኃ አላለም። ከማኅበሩ ሽማግሎች ጋር ተማክሮ፣ ከራሱም ኪስ አውጥቶ፣ በፖርቱጋል ከተሞች ሁሉ ገንዘብ አሰባሰበ። በንጉሥ ፊት የሚቆም ሰው ሳለ ስለ ወገኖቹ እጁን ለልመና መዘርጋትን እንደ ውርደት አልቈጠረውም። በኢጣልያ ለሚኖር ወዳጁ፣ ለባለጸጋውና ለሊቁ ለፒሳው ይሒኤልም ደብዳቤ ላከ። በስድስት ወርም 220 ነፍስ ነጻ ወጣ። ከባርነት የወጣ ሁሉ ግን ወዲያው እንጀራ አያገኝም፤ የሀገሩን ቋንቋ አያውቅምና። ስለዚህ አንደበታቸው እስኪፈታ ድረስ አበላቸው፣ አለበሳቸው። ሌሎች የነገሥታት ባለሟሎች ቤት ሠርተው ርስት ገዝተው አለፉ፤ የእርሱ ርስት እነዚህ 220 ናቸው።

ከዚህ በኋላ አልፎንሶ ሞተ፤ ልጁ ዮሐንስ 2ኛ በ1481 ነገሠ። በመሳፍንቱም ላይ ክንዱን አጸና። በ1483 የብራጋንዛው መስፍን በክህደት ተከሶ አንገቱ ተቀላ። ዶን ይስሐቅ ከመስፍኑ ጋር ወዳጅነት ነበረው። በምክሩ አልነበርሁበትም ብሎ ጽፏል፤ እኛም ቃሉን እንቀበላለን። በሌሊት ድንበር ተሻግሮ ወደ ካስቲል አመለጠ፤ ሀብቱ ተወረሰ፤ በሌለበትም ሞት ተፈረደበት።

እነሆ፣ ንጉሥ ሀብቱን በነጠቀው ጊዜ ብዕሩን አነሣ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር መጽሐፈ ኢያሱን በ16 ቀን፣ መጽሐፈ መሳፍንትን በ25 ቀን ተረጐመ፤ መጽሐፈ ሳሙኤልንም ጀምሮ በ1484 በማርች ወር ፈጸመ። ወዲያው ግን የካስቲል ነገሥታት ፈርዲናንድና ኢዛቤላ ጠሩት። መጽሐፈ ነገሥት እንደ ተዘጋ ስምንት ዓመት ግብር ሰበሰበ፤ ለግራናዳ ጦርነት ስንቅ አቀረበ፤ ለንግሥቲቱም ገንዘብ አበደረ።

ማርች 31 ቀን 1492 አይሁድ ሁሉ ከሀገር ይውጡ የሚል ዐዋጅ ተጻፈ። ዶን ይስሐቅ ሦስት ጊዜ በንጉሡ ፊት ወድቆ ለመነ፤ ወርቅም አቀረበ፤ አልተሰማም። አብሮት ያገለግል የነበረው ሽማግሌው አብርሃም ሴኞር በጁን ወር በጓዳሉፔ ተጠምቆ ሌላ ስም ተቀበለ፤ ይህን ሸክም ያልተሸከመ አይፍረድበት። የዶን ይስሐቅ ልጅ ይሁዳም ሕፃኑን ይነጥቁኛል ብሎ ገና ዓመት የሆነውን ልጁን ከሞግዚቱ ጋር በስውር ወደ ፖርቱጋል ሰደደ፤ የፖርቱጋል ንጉሥ ግን ያዘው። ዶን ይስሐቅ ከቤተ ሰቡ ጋር በጁላይ መጨረሻ ከቫሌንሲያ በመርከብ ወጣ።

በናፖሊ ንጉሥ ፌራንቴ ተቀበለው። በዚያም መጽሐፈ ነገሥትን በ1493 ፈጸመ። በ1495 የፈረንሳዩ ንጉሥ ሻርል 8ኛ ናፖሊ ሲገባ ቤቱ ተዘረፈ፤ መጻሕፍቱም ጠፉ። እርሱ ከሸሸው ከናፖሊ ንጉሥ ከአልፎንሶ 2ኛ ጋር ወደ ሲሲሊ፣ ከዚያም ወደ ኮርፉ ደሴት ተሻገረ።

በኮርፉ የሆነውን እናስረዝመው፤ ይገባዋልና። በሊዝበን በጐልማሳነቱ የጀመረው፣ ጠፋ ብሎ ተስፋ የቈረጠበት የኦሪት ዘዳግም ትርጓሜ በዚያች ደሴት በእጁ ገባ። በሦስት መንግሥታት ነገሥታትን ያገለገለ፣ በሦስቱም ሀብቱን ያጣ ሰው፣ ዕድሜው ወደ ስድሳ ሲጠጋ የወጣትነቱን ጽሑፍ አገኘ። በመቅድሙ ደስታውን አልሸሸገም። ወረቀቱን ይዞ በኢጣልያ ጠረፍ ወዳለችው ሞኖፖሊ ሄደ፤ በ1496ም ፈጸመው፤ ስሙንም መርከቬት ሀሚሽኔ አለው።

ልማዱ ጥያቄን ማስቀደም ነው፤ ጥርጥሩን ሁሉ ይደረድራል፣ ከዚያ እየፈታ ይወርዳል። በአሥራ ሰባተኛው ምዕራፍ «ንጉሥ ላንግሥ» ከሚለው ቃል ሲደርስ፣ ለሕዝብ ንጉሥ የግድ ያስፈልገዋልን ብሎ ይጠይቃል። ቬኒስን፣ ፍሎረንስንና ጄኖዋን ይጠራል፤ ያለ ንጉሥ በምክርና በተወሰነ ዘመን ሹመት እንደሚተዳደሩ ያሳያል። የኦሪቱም ቃል ትእዛዝ አይደለም፣ እንደ ምርኮኛይቱ ሴት ሕግ ለሰው ክፉ ምኞት የተሰጠ ፈቃድ ነው ይላል። ይህን የጻፈ ሰው ነገሥታትን ከቅርብ አይቷል።

በሞኖፖሊም መጽሐፈ ዳንኤልን ተረጐመ፤ የመዳንንም ዘመን ቈጠረ። የቈጠረው ዓመት አለፈ፤ ዘመናትን በሥልጣኑ ያኖረ አምላክ ብቻውን ያውቃል። በ1503 ቬኒስ ገባ፤ ስለ ቅመም ንግድ በሪፐብሊኩና በፖርቱጋል መካከል አማላጅ ሆነ። በ1508 ዐረፈ፤ በፓዱዋም ተቀበረ። በማግሥቱ ዓመት በጦርነት መቃብሩ ፈረሰ፤ ስፍራው ዛሬ አይታወቅም።

በሕይወቱ ሳለ በ1505 በቁስጥንጥንያ ሦስት መጻሕፍቱ ታትመውለት ነበር፤ ከእነርሱም አንዱ የፋሲካ ሐተታ ነው። የነቢያት ትርጓሜው ከሞቱ በኋላ በፔዛሮ በጌርሾም ሶንቺኖ እጅ ወጣ። የኮርፉው መጽሐፍ ግን እስከ 1551 ቈየ። በዚያ ዓመት በሎምባርድያ ባለችው በትንሿ ሳቢዮኔታ ጦብያ ፎዓ በቤቱ ማተሚያ አቁሞ አሳተመው። ያ ቤት በመጻሕፍቱ መግቢያ ገጽ ላይ የሮማውያን አማልክት ማርስና ሚኔርቫ ግራና ቀኝ የቆሙበትን ክፈፍ ያትም ነበር፤ ስለዚህ ሥዕል ብዙ አንናገርም፤ ፊደሉ ግን ጥሩ ነው፣ ሥራውም ጥንቃቄ ያለበት።

በጊዜው ታተመ። በ1553 በሴፕቴምበር በሮም አደባባይ ታልሙድ ተቃጠለ፤ ከዚያም በኢጣልያ የዕብራይስጥ መጻሕፍት በመርማሪዎች እጅ ወደቁ፤ ከአብራቫኔልም መጻሕፍት ስለ ክርስትና የተናገረው ቃል በቀለም ተሰረዘ። በ1559 የፎዓ ቤት ሥራውን አቆመ። የሳቢዮኔታው ኦሪት ዘዳግም ዛሬ ከብርቅ መጻሕፍት ይቈጠራል። ዶን ይስሐቅ የጻፈው የአምስቱ ብሔረ ኦሪት ትርጓሜ በ1579 በቬኒስ ታተመ።