‹‹ሶሲዮሎጂ ደግሞ ምን ያደርጋል?››

ሐረር፣ አቦከር ዘመድ ጥየቃ ሄጄ ነው፡፡ የአክስቴ ልጅ አስራ አንደኛን ጨርሳ ወደ አስራ ሁለተኛ አልፋለች፤ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ናት፡፡ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ምን ማጥናት እንደምትፈልግ ጠየቅኳት፡፡ ‹‹ሶሲዮሎጂ ደስ ይለኛል፤ ግን ምን እንደሆነ በደንብ አላውቀውም›› አለችኝ፡፡ አክስቴ ከጓዳ ሰምታ ኖሮ ‹‹ሶሲዮሎጂ ደግሞ ምን ያደርጋል? አካውንቲንግ አይሻልሽም?›› አለች፡፡ ይህን ብላ ሻሿን አስተካክላ ወጣች፡፡ አፎቻ ነበረባት፡፡

ሳቄ መጣ፡፡ ሐረርን ለማታውቁ፣ አፎቻ የሐረሪዎች መረዳጃ ማኅበር ነው፡፡ እድርን ይመስላል፤ ግን ለሀዘን ብቻ ሳይሆን ለሰርግም ነው፡፡ የወንዶቹ ለብቻ፣ የሴቶቹም ለብቻ ነው፡፡ ፒተር ኮን እና ሲድኒ ዋልድሮን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1978 ስለ አፎቻ አንድ ሙሉ ጥናት አሳትመዋል፤ ማኅበሩ ነዋሪውንና አስተዳደሩን እንዴት እንደሚያገናኝ የሚመረምር፡፡ አክስቴ ‹‹ምን ያደርጋል›› ያለችው ትምህርት እሷ የሄደችበትን ነገር ነው የሚያጠናው ማለት ነው፡፡

ታዲያ ሐረርን ያጠኑት ፈረንጆች ብቻ እንዳይመስላችሁ፡፡ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ተከፈተ፡፡ ብዙም ሳይቆይ ተማሪዎቹ የኢትዮጵያን ሕዝቦች ባህልና አኗኗር የሚያጠና ማኅበር አቋቋሙ፤ እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮም የራሳቸውን መጽሔት ማውጣት ያዙ፡፡ ልጆቹ ከየአገሩ የመጡ ነበሩና ብዙዎቹ የጻፉት ስላደጉበት ማኅበረሰብ ነው፡፡

እ.ኤ.አ. በ1955 በወጣው አራተኛው እትም ላይ ዱሪ መሐመድ ስለ ሐረር ሙጋድ ጻፉ፡፡ ሙጋድ የሐረሪ ወጣቶች የእኩያ ቡድን ነው፡፡ እኚሁ ሰው በኋላ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንትና በተባበሩት መንግሥታት የኢትዮጵያ አምባሳደር ሆነዋል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1960 ደግሞ ዩሱፍ አህመድ የሐረር አሚሮችን የቤት ወጪና ገቢ መዝገብ ይዞ ከ1825 እስከ 1875 የነበረውን የከተማዋን ኢኮኖሚ መረመረ፡፡ ዛሬም ስለ ሐረር የሚጽፉ ምሁራን እነዚህን ሁለት ጽሑፎች ይጠቅሳሉ፡፡

እነዚያ ልጆች ከአንደኛ ደረጃ እስከ ሁለተኛ ደረጃ ‹‹ሶሲዮሎጂ›› የሚባል ክፍለ ጊዜ አልነበራቸውም፡፡ የነበራቸው የሚጽፉበት ቦታና ‹‹የሰፈራችሁ ነገር እውቀት ነው›› የሚል መንፈስ ነበር፡፡

የዛሬዋ የአክስቴ ልጅስ? ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ትማራለች፡፡ ስለ ማኅበረሰብ ጥናት በወጉ የምትሰማው ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ነው፤ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ማኅበራዊ አንትሮፖሎጂ የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርስ ሆኗልና፡፡ ችግሩ ስንቱ እዚያ ይደርሳል የሚለው ነው፡፡ የ2014 ዓ.ም. የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፡፡ በማካካሻ ትምህርት የገቡትን ብንጨምር እንኳ አብዛኛው ልጅ በር ላይ ቀርቷል፡፡ ይህ ሁሉ ልጅ የገዛ ሰፈሩን እንደ እውቀት ሳያየው ከትምህርት ቤት ይወጣል ማለት ነው፡፡

አዲስ መጽሐፍ እስኪታተም መጠበቅ ያለብን አይመስለኝም፡፡ በየትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ አለ፣ ክበብ አለ፡፡ የኮሌጁ ልጆችም የጀመሩት በማኅበር ነው፡፡

አክስቴ ስትመለስ ልጅቷ በእኔ ጉትጎታ ደብተር ይዛ ጠበቀቻት፡፡ ስንት ሴቶች ናችሁ? መዋጮው ስንት ነው? የቀረ ሰው ምን ይደረጋል? ከሌላ ሰፈር የመጣች ሴት መግባት ትችላለች? አክስቴ መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ተቀመጠች፡፡ የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ግን ረጅም ጊዜ ዝም አለች፡፡

‹‹እሱን እኛም ገና አልጨረስነውም›› አለች፡፡

ልጅቷ ይህንንም ጻፈችው፡፡