የተሰረዘ ሪከርድ አያያዝ፤ ከክፍል ሮስተር እስከ ኮምፒዩተር ፋይል

የትምህርት ቤት መዝገብ ሁለት የሚጋጩ ግዴታዎች አሉበት። በአንድ በኩል ዛሬ በክፍል ውስጥ ያለውን ተማሪ ብቻ ለይቶ እንዲያሳይ ይፈለጋል። በሌላ በኩል ትናንት የነበረውንና ነገ ተመልሶ ማስረጃ የሚጠይቀውን እንዳያጠፋ ይጠበቅበታል። ይህ ጽሑፍ የኮምፒዩተር ፋይል ይህን ችግር እንዴት እንደ ያዘውና ነገሩ ለደሴና ለኮምቦልቻ ትምህርት ቤቶች ያለውን ትርጉም ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

በሮስተር ላይ ባቋረጠ ተማሪ ስም መስመር ይሰመራል እንጂ ተራ ቁጥሩ ለሌላ አይሰጥም። ከመስመሩ ሥር ያለው ስምም ይነበባል።

አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1978 ሲስተም/38ን፣ በ1988 ደግሞ ኤኤስ/400ን ለመካከለኛ ድርጅቶች ሲያቀርብ የተከተለው ዘዴ ከዚሁ ጋር ይመሳሰላል። አንድ ሪከርድ ሲሰረዝ ምልክት ይደረግበታል እንጂ ቦታው አይለቀቅም፤ የሌሎቹም ተራ ቁጥር አይለወጥም። ሆኖም ከወረቀቱ የሚለይበት ነጥብ አለ፤ ይኸውም የተሰረዘው በተለመደው ፕሮግራም ተመልሶ አለመነበቡ ነው። ስለዚህ የተሰረዙት ሲበዙ ዲስኩ በከንቱ ይያዛል፤ ፋይሉን ከዳር እስከ ዳር የሚያነብ ሥራም ይዘገያል።

ለዚህ ሁለት መፍትሔዎች አሉ። አንደኛው አርጂዚፒኤፍኤም የተባለው ትእዛዝ ሲሆን፣ ፋይሉን መልሶ በማደራጀት ክፍተቶቹን ያስወግዳል። ነገር ግን ተራ ቁጥሮች ይለወጣሉ፤ ለረጅም ዘመንም ሥራው ሲካሄድ ፋይሉን ሌላ ሰው ሊጠቀምበት አይችልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ከወጣው ቪ5አር3 ወዲህ ግን አገልግሎት ሳይቋረጥ ማደራጀት ተችሏል። ሁለተኛው አዲስ ሪከርድ በተሰረዘው ቦታ እንዲገባ መፍቀድ ነው። ይህ ፋይሉ ያለ አግባብ እንዳያድግ ይረዳል፤ ይሁንና ሪከርዶች የገቡበት ቅደም ተከተል አይጠበቅም። በሁለቱም መንገድ የቀድሞው ባለቦታ ይዘት ከፋይሉ ይወጣል።

በወሎ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በ1977ቱ ድርቅ ዘመን እጅግ ብዙ ቤተሰብ በሠፈራ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦርና ወደ ከፋ ተወስዷል። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን በደረሰ ጊዜም ብዙ ነዋሪ ተሰደደ፤ ከተሞቹ በኅዳር መጨረሻ በመንግሥት ኃይሎች እጅ ከተመለሱ በኋላ ተፈናቃዩ ወደ ቤቱ ይመለስ ጀመር። በዚህ ዓይነት ጊዜ ወጥቶ የተመለሰ ልጅ በመዝገብ አነጋገር ምንድን ነው? ስሙ ቢሰረዝና ቦታው ለሌላ ቢሰጥ፣ ሲመለስ እንደ አዲስ ገቢ ይቆጠራል፤ የቀድሞ ውጤቱም ከስሙ ይለያያል። የአቋራጩም የአዲስ ገቢውም አኃዝ ያለ አግባብ ያድጋል። በዚህ አኃዝ መምህርና መጽሐፍ የሚደለድለው ዕቅድ አውጪም ይሳሳታል።

ስለዚህ የሚከተሉት ሦስት ነጥቦች ቢጤኑ ይበጃል።

ሀ) የሄደ ተማሪ አይሰረዝ፤ የሄደበት ቀንና ምክንያት ተጽፎ ሁኔታው ብቻ ይለወጥ።

ለ) የተማሪው መለያ ቁጥር ሪከርዱ በፋይሉ ውስጥ ካለው ተራ ቁጥር የተለየ ይሁን፤ ለሌላም ከቶ አይሰጥ። ይህ ከተጠበቀ ፋይሉ ሲደራጅ የሚጎዳ ተማሪ አይኖርም።

ሐ) መሰረዝ በስሕተት ለገባ ምዝገባ ብቻ ይፈቀድ፤ ከመሰረዙ በፊት የነበረው ይዘትም በጆርናል ይያዝ።

ከዚህም ሌላ የፋይሉና የጆርናሉ ቅጂ ከከተማው ውጭ ሊቀመጥ ይገባል፤ ትምህርት ቤቱ ራሱ በተዘረፈ ወይም በተቃጠለ ጊዜ ተማሪው ማስረጃውን የሚያገኘው ከዚያ ብቻ ነውና።