ከተከዜ ዳር ተነሥቶ ጄኔቭ የደረሰ ክስ

ከብቸና ወጣ ብላ የምትገኘው ዲማ ጊዮርጊስ በቤተ ክህነት ትምህርት ስሟ የገነነ ደብር ናት፤ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ልቦለድ የሚያውቋት ግን ይበዛሉ። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ልጅ ሆነው ዲማ ተምረዋል። በወጣትነታቸው ደግሞ ከራስ እምሩ የጎጃም ጦር ጋር ሽሬ ዘመቱ። የዚያ ጦር ቁስል ነው ኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ መርማሪ ይላክልኝ ስትል በማስረጃነት ካቀረበቻቸው አንዱ።

ጦሩ ከደብረ ማርቆስ በእግሩ ተጉዞ ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም ደምበጉይና ላይ ጣሊያንን ድል መታ። በስምንተኛው ቀን፣ ታኅሣሥ 13፣ አውሮፕላኖች ተከዜ ላይ መጡ። ሰዉ ቦምብ ለምዶ ነበር። ራስ እምሩ በኋላ እንደመሰከሩት ግን ያን ዕለት የወረደው የሚፈነዳ ነገር አልነበረም፤ መሬት ወይም ውኃ ሲነካ እየተሰነጠቀ ቀለም የሌለው ፈሳሽ የሚረጭ በርሜል መሳይ ነገር ነው። ፈሳሹ የነካው እጅ፣ እግርና ፊት ውኃ ቋጠረ። አብዛኛው ዘማች ባዶ እግሩን ስለነበር ቁስሉ ከውስጥ እግሩ ጀመረ። ጠምቶት ከወንዙ የጠጣው ደግሞ ባሰበት።

ታኅሣሥ 20 የኢትዮጵያ መንግሥት ተከዜንና ቀኑን ጠቅሶ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ቴሌግራም ላከ። የመርዝ ጋዝን የሚከለክለው የጄኔቭ ስምምነት ከ1925 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ ጣሊያንም አጽድቃዋለች። ብዙም ሳይቆይ ኢትዮጵያ ጦርነቱ እንዴት እየተካሄደ እንደሆነ በቦታው የሚያይ መርማሪ ቡድን እንዲላክ ጠየቀች። ጉዳዩን የያዘው በስፔናዊው ሳልቫዶር ደ ማዳሪያጋ የሚመራው የማኅበሩ የ13ቱ ኮሚቴ ነበር። መርማሪ አልላከም።

ጣሊያን በበኩሏ የራሷን ክስ ታከማች ነበር፦ ኢትዮጵያውያን ዱምዱም ጥይት ተኮሱ፣ የቀይ መስቀልን ምልክት አለቦታው ተጠቀሙ፣ ኦጋዴን ላይ የወደቀውን አብራሪ ቲቶ ሚኒቲን ገደሉ። በጋዝ ብንመታ ለዚህ አጸፋ ነው የሚለው ማስተባበያ የተገነባው በተለይ በሚኒቲ ሞት ላይ ነው። ሚኒቲ የሞተው ግን ታኅሣሥ 16 ነው፤ ተከዜ ከተመታ በሦስተኛው ቀን። ቀን መቁጠሪያ የያዘ አንድ መርማሪ ብቻ ይበቃ ነበር።

ማስረጃ አልጠፋም። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ልዑካን እነ ማርሴል ዡኖ ቆረም ላይ የተቃጠሉትን ሰዎች በዓይናቸው አይተዋል። የ13ቱ ኮሚቴ በመጋቢትና በሚያዝያ መካከል ቀይ መስቀልን ሰነድ ሲጠይቅ፣ ማክስ ሁበር የሚመሩት ድርጅት ምስጢር መጠበቅ አለብኝ፣ ገለልተኛ ነኝ ብሎ ከለከለ። ቀይ መስቀል በሁለቱም ወገን በር እንዲገባ ዝም ማለት ግድ ይለው ነበር የሚሉ አሉ። ክርክሩ ውኃ ያነሣል፤ ያን ጊዜ ግን የስዊድን ቀይ መስቀል የመስክ ሆስፒታል መልካ ዲዳ ላይ በጣሊያን ቦምብ ከተመታ ወራት አልፈው ነበር። ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ተያዘች። ሰኔ 23 ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቭ ላይ ስለ ጋዙ ሲናገሩ የጣሊያን ጋዜጠኞች አፏጩባቸው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ማኅበሩ በጣሊያን ላይ የጣለው ማዕቀብም ተነሣ።

ሁለተኛው ሙከራ ከድል በኋላ መጣ። የተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን በ1943 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ሲቋቋም ኢትዮጵያ አልተጠራችም፤ በወረራው የጣሊያንን ጦር ያዘዘው ባዶሊዮ ለብሪታኒያ ያን ጊዜ ከአጋሮቹ ጋር የወገነ መሪ ነበር። ኢትዮጵያ ግን አልለቀቀችም። የ1947 እ.ኤ.አ. የሰላም ውል የጣሊያንን ተጠያቂነት ከወረራው መነሻ፣ ከጥቅምት 3 ቀን 1935 እ.ኤ.አ.፣ አስጀመረው። በ1948 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ የ10 ተጠርጣሪዎች ስም አቀረበች፤ ባዶሊዮ፣ የጦር አዛዡ ግራዚያኒና የቅኝ ግዛት ሚኒስትሩ ሌሶና አሉበት። ለጎጃም አንባቢ የሚቀርበው ስም ግን ፒርዚዮ ቢሮሊ ነው፤ ጎጃም በ1929 ዓ.ም ክረምት ማብቂያ ሲያምፅ የአማራ ገዥ እሱ ነበር። ኮሚሽኑ በእነ ባዶሊዮ ላይ ለክስ የሚበቃ ማስረጃ እንዳለ ገለጸ። ጣሊያን አንዱንም አሳልፋ አልሰጠችም። ፒርዚዮ ቢሮሊ በ1962 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ በእርጅና ሞተ። ጋዝ መጣሉን የሮም መከላከያ ሚኒስቴር ያመነው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው።

መርማሪ ላኩልኝ ባይዋ አገር በዘመናችን ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጣለች። ታኅሣሥ 8 ቀን 2014 ዓ.ም ጄኔቭ ላይ የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ምክር ቤት ስለ ሰሜኑ ጦርነት የባለሙያዎች ኮሚሽን በ21 ድጋፍ፣ በ15 ተቃውሞና በ11 ድምፀ ተአቅቦ ሲያቋቁም፣ አዲስ አበባ በፖለቲካ የተቃኘ ነው ብላ አልተቀበለችውም። መስከረም 2016 ላይ ዕድሜውን የሚያራዝም ሐሳብ ያቀረበ አገር አልተገኘም። ከአራት ወር በኋላ፣ ጥር 20፣ ጎጃም ውስጥ መርዓዊ ላይ ቢያንስ 45 ሲቪሎች በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አስታወቀ። መንግሥት ሲቪሎችን ዒላማ አላደረግንም አለ፤ የመብት ድርጅቶች ገለልተኛ ምርመራ ጠየቁ። የጄኔቩ ኮሚሽን ግን ያን ጊዜ ፈርሷል።