ነጻ የትምህርት ዕድልና የሕክምና ምርምር ሥልጠና፤ ከመቅደላ እስከ ሊቦ ከምከም

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አውራ ጎዳና በደራ ወረዳ የምትገኘውን ሐሙሲትን ካለፈ በኋላ፣ ጣናን በስተግራ ትቶ የጉማራን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ፎገራ ሜዳ ይገባል። ወረታ ላይ ወደ ቀኝ የሚታጠፈው መንገድ ወደ ደብረ ታቦር ሲያወጣ፣ ወደ ፊት የሚቀጥለው በአዲስ ዘመን በኩል ጎንደር ይደርሳል። በዚህ የአንድ ቀን ጉዞ በማይሞላ መንገድ ዙሪያ የተፈጸሙ ነገሮች ለአገሪቱ የሕክምና ትምህርት አንድ ከባድ ጥያቄ አንሥተዋል። ይኸውም ወጣቱን በማን ወጪ፣ በየትኛው የትምህርት ደረጃ፣ ስለየትኛውስ በሽታ እንዲመራመር ማሠልጠን ይገባል የሚለው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን መናገሻቸው ባደረጉበት ዘመን፣ ለከተማዋ ቅርብ በሆነችው በጋፋት የአውሮፓ ሚሲዮናውያን መድፍ ሲሠሩ፣ የአገር ልጆች ከእነርሱ ጋር ተመድበው ፊደልና የእጅ ሙያ ይማሩ ነበር። ንጉሡ የፈለጉት የተሠራውን ዕቃ ብቻ ሳይሆን አሠራሩን የሚያውቅ ሰው ጭምር ነበርና፣ መንግሥት ወጪውን የሚችለው የሙያ ሥልጠና በዚህ ምድር ከጋፋት ይጀምራል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሥልጠናው ግን ለጦር መሣሪያ እንጂ ለሕክምና አልነበረም። በ1868 ንጉሡ መቅደላ ላይ ከወደቁ በኋላ፣ የጎንደር ተወላጅ የሆነ አንድ ሕፃን በእንግሊዝ መኮንን እጅ ወደ ሕንድ ተወሰደ። ቻርልስ ማርቲን ተብሎ አድጎ በላሆር የሕክምና ኮሌጅ ተማረና በ1882 ተመረቀ። በአገራችን ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በሚለው ስም የሚታወቁት የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዘመናዊ ሐኪም እኚሁ ናቸው። ወጪያቸውን የሸፈነው የባዕድ ሰው ርኅራኄ እንጂ የአገር ዕቅድ አልነበረምና፣ ከተመረቁ በኋላም ለረጅም ዓመታት ያገለገሉት በርማ ነበር።

ሁለተኛው መንገድ መንግሥት መርጦ ወደ ውጭ የሚልከው ተማሪ ነው። ወደ አሜሪካ ሄደው በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ያጠኑት ዶክተር መላኩ በያን የዚህ ምሳሌ ናቸው። ከነጻነት በኋላም በዚሁ መንገድ ብዙዎች ተልከዋል። ዕድሉን የሚሰጠው አገር ላቦራቶሪውንም ጥያቄውንም አብሮ ስለሚሰጥ፣ ወጣቱ የሚመለሰው አብዛኛውን ጊዜ የሌላውን አገር በሽታ በደንብ አውቆ ነበር።

ሦስተኛውና የተለየው መንገድ የተጠረገው በሐዘን ምክንያት ነው። በ1953 በደምቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ወደ 7,000 የሚጠጋ ሰው ፈጀ። በቀጣዩ ዓመት መንግሥት ከዓለም የጤና ድርጅት፣ ከተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅትና ከአሜሪካ የቴክኒክ ርዳታ ጋር በመተባበር የጎንደርን የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከፈተ። ኮሌጁ ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችን፣ የአካባቢ ጤና አጠባበቅ ባለሙያዎችንና የላቦራቶሪ ቴክኒሻኖችን በአንድ ግቢ እያስተማረ፣ በቡድን አድርጎ ወደ ጤና ጣቢያዎች ያሰማራቸው ነበር። ተማሪው ገና ዲግሪውን ሳይዝ ቤት ለቤት እየዞረ ይቆጥራል፣ ውኃ ይመረምራል፣ የደም ናሙና በማይክሮስኮፕ ያያል፣ ያየውንም በጽሑፍ ያቀርባል። ዛሬ የመጀመሪያ ዲግሪ የምርምር ሥልጠና የሚባለው ነገር ያን ጊዜ ስም አልወጣለትም እንጂ በተግባር ነበረ። በ1958 ወባ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ወዳላቸው ደጋማ ቦታዎች ወጥቶ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ሲያሳምምና 150,000 ያህል ሲገድል፣ የኮሌጁ መከፈት ምን ያህል የዘገየ እንደነበር ታየ።

በአገሩ ወንዝ ላይ የተነሣ ጥያቄ ምን ያህል ሩቅ እንደሚሄድ ያሳዩት ግን ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን ፈጽመው በ1964 እንደተመለሱ፣ ዓድዋ አካባቢ ቢልሃርዚያን ሲያጠኑ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተንሳፈው አዩ። የቢልሃርዚያ ተውሳክ ወደ ሰው ከመተላለፉ በፊት በቀንድ አውጣ ውስጥ ማደግ ግድ ይለዋልና ነገሩ ተራ አልነበረም። ከ1969 እስከ 1974 በዓድዋ በተካሄደው ጥናት ወንዞቹ በእንዶድ ከታከሙ በኋላ፣ ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት በሆናቸው ሕፃናት መካከል በበሽታው የተያዙት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረዱ። ሥራቸውን ይዞ የቀጠለው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ዛሬ በስማቸው ይጠራል፤ በ1989ም ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀብለዋል። እንዶድ በሐሙሲት ገበያም እንግዳ ዕቃ አይደለም፤ ቢልሃርዚያም በጣና ዳርቻ ለሚኖር ሕዝብ የታወቀ በሽታ ነው። ልብስ ስታጥብ የኖረች እናት ልጅ ነገሩን ከማንም ቀድሞ የማየት ዕድል ነበረው። የጎደለው ያየውን ወደ ጥያቄ የሚለውጥበት ሥልጠና ነው።

ከዚያ ወዲህ የምርምር ገንዘብ አልጠፋም። በኖርዌይና በስዊድን ርዳታ አዲስ አበባ ውስጥ የተመሠረተው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም በሥጋ ደዌና በሳንባ ነቀርሳ ላይ ብዙ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎችን አፍርቷል። ሆኖም የዚህ ዓይነቱ ድጋፍ በአብዛኛው የሚደርሰው ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የቀለብና የመኝታ ወጪው ለረጅም ዘመን በመንግሥት ሲሸፈንለት ኖሮ፣ በ2003 የወጪ መጋራት ደንብ ወጣ። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ለምርምር ብሎ የተለየ ድርሻ ሲያገኝ እምብዛም አልታየም። በአንጻሩ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ችግረኛ ለሆኑ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ባቋቋሙት መርሐ ግብር ለአንድ የትምህርት ዓመት እስከ 20,000 ዶላር ይከፈል ነበር። ተማሪው በምላሹ ለእያንዳንዱ የተከፈለለት ዓመት በክረምት ዐሥር ሳምንት በተቋማቱ ላቦራቶሪ ይሠለጥን፣ ከተመረቀ በኋላም አንድ ዓመት ያገለግል ነበር። የገንዘቡ መጠን ለእኛ አይታሰብም። ግዴታው ግን ለኢትዮጵያውያን አዲስ አይደለም፤ የኛ ጤና መኮንንም ተምሮ የማገልገል ግዴታ ነበረበት። ልዩነቱ ያኛው ሲያገለግል እንዲመራመር መታዘዙ ነው።

ይህ ጉድለት ምን እንደሚያስከፍል በ2005 በሊቦ ከምከም ታየ። በአዲስ ዘመን ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ሰዎች ለወራት በማይለቅ ትኩሳት እየከሱ፣ ሆዳቸው በጣፊያ እብጠት እየተነፋ ይሞቱ ነበር። መጀመሪያ የተጠረጠረው መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው። ግምቱ ከሞኝነት የመጣ አልነበረም፤ ወባ በፎገራ ዙሪያ የዘወትር እንግዳ ሲሆን፣ ካላዛር ደግሞ የሑመራና የመተማ ቆላ በሽታ እንጂ የደጋ በሽታ ተብሎ አይታሰብም ነበር። በሽታው በግንቦት ወር ካላዛር መሆኑ ሲታወቅ ድንበር የለሽ ሐኪሞች አዲስ ዘመን ላይ የሕክምና ማዕከል ከፈቱ። ለቀን ሥራ ወደ ቆላ ወርደው የሚመለሱ ገበሬዎች ተውሳኩን ሳያመጡት እንዳልቀረ ይታመናል። ያ ገበሬ ሲመለስ በመጀመሪያ ያየው በቅርቡ ያለው ነርስ ወይም ጤና መኮንን ነው። የወባ መድኃኒት ያልሠራበትን በሽተኛ መዝግቦ፣ ከየት እንደመጣ ጠይቆ፣ ጣፊያውን ዳስሶ፣ ሦስቱን ነገር አንድ ላይ አስቀምጦ «ይህ ወባ ላይሆን ይችላል» ማለት የላቀ ላቦራቶሪ አይጠይቅም። የሚጠይቀው የመጠራጠር ልምድ ነው፤ ይህም ከዲግሪ በኋላ በሚሰጥ አጭር ሴሚናር አይገኝም።

አሁን በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የጤና ተማሪዎችም ይመረቁበታል። እንደ ሌሎቹ የአገሪቱ ተማሪዎች ሁሉ በመጨረሻው ዓመት የምርምር ጽሑፍ ያቀርባሉ። መጠይቅ ማባዣና የመኪና ኪራይ የሚከፈለው ከተማሪው ወይም ከወላጁ ኪስ ከሆነ፣ የጥናቱ ቦታ ከግቢው አጥር አይርቅም፤ ጥያቄውም የላቦራቶሪ ናሙና የማያስፈልገው ይሆናል። ለአንድ ክረምት የሚበቃ የቀን አበል፣ ለጉማራ ዳርቻ ትምህርት ቤቶች የሰገራ ምርመራ የሚሆን ስላይድና መስታወት፣ ናሙናውን በጎን ሆኖ የሚያይለት አንድ ልምድ ያለው ቴክኒሻን ቢመደብለት ግን፣ ያ ተማሪ ከሐሙሲት ይዞት የሚመለሰው ለመደርደሪያ የሚሆን ጥራዝ ብቻ አይደለም። የትኛው ትምህርት ቤት ስንት ልጅ እንደታመመበት የሚያሳይ፣ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት በማግሥቱ መድኃኒት ሊያከፋፍልበት የሚችል ዝርዝር ይሆናል።