የቆየ የቤት ኮምፒውተርን ሚሞሪና ግራፊክስ ካርድ ማሳደግ

ሚሞሪና ግራፊክስ ካርድ ማሳደግ ያገለገለ የቤት ኮምፒውተር ሳይጣል የሥራ ዘመኑ የሚራዘምበት መንገድ ነው። ሁለቱንም ዕቃዎች ካቻቪቴ የያዘ ሰው ራሱ ፈትቶ ሊቀይራቸው ይችላል። ምን ያህል ማሳደግ እንደሚቻል የሚወስነው ግን የሚገዛው ዕቃ ሳይሆን ቤት ያለው ማሽን ነው፦ ለሚሞሪው ማዘርቦርዱ፣ ለካርዱ ደግሞ ፓወር ሰፕላዩና የኬዙ ስፋት።

የሁለቱ ጥቅም አንድ አይደለም። ሚሞሪ ያነሰው ኮምፒውተር በሁሉም ሥራ ላይ ይንቀራፈፋል፤ የግራፊክስ ድክመት ግን በአብዛኛው የሚታየው በጌም፣ በሕንፃ ንድፍና በቪዲዮ ቅንብር ላይ ነው። ደብዳቤ ለሚጽፍ፣ ኢንተርኔት ለሚጠቀምና ፊልም ለሚያይ ቤተሰብ የካርዱ ገንዘብ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) ቢገዛበት እጅግ ይሻላል።

ሚሞሪ

ዛሬ በየኮምፒውተሩ ያለው ሚሞሪ የተመሠረተው የአይቢኤም መሐንዲስ ሮበርት ዴናርድ በ1966 እ.ኤ.አ. ባፈለቀው ሐሳብ ላይ ነው፤ አንድ ቢት በአንድ ትራንዚስተርና በአንድ ካፓሲተር ይያዛል። ካፓሲተሩ የያዘው ኃይል በራሱ ጊዜ ስለሚያልቅ ሚሞሪው በየ64 ሚሊሰከንዱ እንደገና ይሞላል። መብራት ሲጠፋ ሴቭ ያልተደረገ ጽሑፍ አብሮ የሚጠፋውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የተከፈቱት ፕሮግራሞች ከሚሞሪው በላይ ሲሆኑ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ትርፉን ወደ ዲስክ እያወጣ መልሶ ያመጣል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሚሞሪ የተጠየቀውን መረጃ በ100 ናኖሰከንድ ገደማ ያቀብላል፤ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ግን ወደ 10 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል፤ ልዩነቱ መቶ ሺህ እጥፍ ነው። ስለዚህ 2 ጊጋባይት የነበረውን ማሽን ወደ 8 ማድረስ ጉልህ ለውጥ ያመጣል። ከ8 ወደ 32 ማሳደግ ግን ያ ሁሉ ሚሞሪ የሚያስፈልገው ሥራ ከሌለ የሚታይ ልዩነት የለውም፤ ባዶ የተቀመጠ ሚሞሪ ኮምፒውተርን አያፈጥንም። ለመወሰን በተለመደው ሥራ መሀል ታስክ ማናጀርን ከፍቶ ሚሞሪው ምን ያህል እንደተያዘ ማየት ይበቃል።

የሚሞሪ ትውልዶች እርስ በርሳቸው አይተካኩም። ዲዲአር 184 እግር አለው፣ በ2.5 ቮልት ይሠራል፤ ዲዲአር2 240 እግርና 1.8 ቮልት፤ በ2007 የወጣው ዲዲአር3 ደግሞ 240 እግርና 1.5 ቮልት ነው። ዲዲአር4 በ2014 ሲመጣ እግሩ 288 ሆኖ ቮልቱ ወደ 1.2 ወረደ። ዲዲአር2 እና ዲዲአር3 በእግር ብዛት እኩል ቢሆኑም በመሀላቸው ያለው ቁርጥ ቦታው ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ስሎት አይገባም። አልገባ ያለን ሚሞሪ በኃይል መጫን ስሎቱን ይሰብራል። የላፕቶፕ ሚሞሪ አጭርና ሌላ ዓይነት ነው፤ በብዙ ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ከማዘርቦርዱ ጋር ስለሚበየድ ጨርሶ አይቀየርም።

የመጠን ገደቡ ከሁለት ወገን ይመጣል። አንደኛው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ነው። ባለ 32 ቢት የቤት ዊንዶውስ ከ4 ጊጋባይት በላይ አይጠቀምም፤ ከዚያም ላይ የአድራሻው ከፊል ለካርዶችና ለሌሎች ዕቃዎች ስለሚያዝ ለተጠቃሚው የሚተርፈው ብዙውን ጊዜ 3 ጊጋባይት ወይም ጥቂት ከፍ ያለ ነው። ተጨማሪ ሚሞሪ ተገዝቶ «አላነበበውም» ከሚባልባቸው ምክንያቶች ዋነኛው ይኸው ሲሆን መፍትሔው ባለ 64 ቢት ሲስተም መጫን ነው። ሁለተኛው ገደብ የማዘርቦርዱ ቺፕሴት ነው፤ የኢንቴል ጂ41 ከ8 ጊጋባይት፣ ኤች61 ከ16 ጊጋባይት አያልፉም።

በ2012 የወጣው ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ጥሩ ምሳሌ ነው። ለቢሮ የተሠራ ማሽን ቢሆንም አገልግሎቱን ጨርሶ በብዙ አገር ወደ ቤት ገብቷል። ከትንሹ ሞዴል በስተቀር አራት የሚሞሪ ስሎት አለው፤ በእያንዳንዳቸው 8፣ በጠቅላላው 32 ጊጋባይት ዲዲአር3 ይቀበላል። በገበያ ላይ ለዚህ ማሽን ገዢ የተዘረጋ አንድ ወጥመድ አለ፦ ከሰርቨር የወጣ፣ ሬጅስተርድ የሚባለው ሚሞሪ። ዲዲአር3 ነው፣ እግሩ 240 ነው፣ ስሎቱም ውስጥ ይገባል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን አይነሣም። መለያው በተለጣፊው ወረቀት ላይ ካለው ፍጥነት ቀጥሎ የሚታየው «አር» ፊደል ነው፤ የቤት ኮምፒውተር የሚፈልገው «ዩ» የተጻፈበትን ነው።

ጥንድ አድርጎ መግጠምም ቸል የሚባል ነገር አይደለም። ባለ 1600 ፍጥነት አንድ ዲዲአር3 በሰከንድ 12.8 ጊጋባይት ያስተላልፋል፤ ሁለት እኩል ሚሞሪዎች በማዘርቦርዱ ሁለት ቻነሎች (የመረጃ መንገዶች) ሲሰኩ መጠኑ ወደ 25.6 ያድጋል። ከዚህ በጣም የሚጠቀመው የራሱ ካርድ የሌለው ኮምፒውተር ነው፤ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ግራፊክስ የሚሠራው ከዋናው ሚሞሪ እየተበደረ ነውና። ስለዚህ ከአንድ ባለ 8 ይልቅ ሁለት ባለ 4 መግጠም ያለ ካርድ ጌም ለሚጫወት ሰው ይመረጣል።

ግራፊክስ ካርድ

ካርዱ የሚሰካበት መንገድ በየጊዜው ተለውጧል። ቀደም ሲል ሁሉም ዕቃ የሚጋራው ፒሲአይ ነበር፤ ቀጥሎ በ1997 ለግራፊክስ ብቻ የተለየው ኤጂፒ መጣ፤ ከ2004 ጀምሮ ደግሞ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ቦታውን ያዘ። ኤጂፒ ያለው ማሽን ዛሬ የሚያድግበት መንገድ የለውም ማለት ይቻላል። የፒሲአይ ኤክስፕረስ ትውልዶች ግን ይግባባሉ፤ አዲሱ ካርድ በአሮጌው ስሎት በአሮጌው ፍጥነት ይሠራል።

ዋናው ጥያቄ ኃይል ነው። ባለ 16 መስመሩ ስሎት ለካርዱ ቢበዛ 75 ዋት ይሰጣል። ከዚያ በላይ የሚበላ ካርድ ከፓወር ሰፕላዩ የራሱ ገመድ ይፈልጋል፤ ባለ 6 እግሩ ተጨማሪ 75 ዋት፣ ባለ 8 እግሩ 150 ዋት ያመጣል። በኦፕቲፕሌክስ 7010 ውስጥ ያለው ፓወር ሰፕላይ በትልቁ ኬዝ 275 ዋት፣ በቀጭኑ 240 ዋት ነው። በውስጡ 77 ዋት የሚፈልገው ኮር አይ5 3470 ፕሮሰሰር ካለ ለካርድ የሚተርፈው ውስን ነው። በሃርድ ዲስክ ገመድ ላይ መቀጠያ አድርጎ ትልቅ ካርድ ማንቀሳቀስ ሲሞከር ይታያል፤ ገመዱ ሲግል የሚያደርሰው አደጋ ከካርዱ ዋጋ ይበልጣልና አይመከርም።

ለእንዲህ ያለው ማሽን የሚስማሙት ተጨማሪ ገመድ የማይጠይቁት ካርዶች ናቸው። በ2014 የወጣው የኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 750 ቲአይ በ60 ዋት፣ በ2016 የወጣው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ በ75 ዋት ይሠራሉ። ጂቲ 1030 ደግሞ 30 ዋት ብቻ ይበቃዋል፤ ይሁን እንጂ በአንድ ስም ሁለት ካርድ ተሸጦበታል። ጂዲዲአር5 ሚሞሪ ያለው በሰከንድ 48 ጊጋባይት ሲያንቀሳቅስ በ2018 የተከተለው ባለ ዲዲአር4 ግን 17 እንኳ አይሞላም። በስም ተማምኖ የገዛ ሰው የጠበቀውን አያገኝም፤ አምራቹ ለሁለቱ የተለያየ ስም ሊሰጣቸው ይገባ ነበር።

የኤኤምዲ አርኤክስ 6400 በ2022 የወጣና በ53 ዋት የሚሠራ በመሆኑ ለቀጭን ኬዝ የተመቸ ይመስላል። ሆኖም የሚጠቀመው አራት መስመር ብቻ ነው። እነዚያ አራት መስመሮች በተሠራበት አራተኛ ትውልድ ስሎት በሰከንድ 8 ጊጋባይት ገደማ ሲያስተላልፉ በሦስተኛው ግማሹን፣ በሁለተኛው ሩቡን ብቻ ያስተላልፋሉ። ቪዲዮ የሚቀርጽበት ኢንኮደርም ስለሌለው ለቅንብር ሥራ አይመረጥም።

ቀጭን ኬዝ ያለው ሰው ቁመቱ አጭር የሆነውንና ማሠሪያ ብረቱም አጭር የሆነውን ካርድ መምረጥ ይኖርበታል። ሞኒተሩም መታየት አለበት፤ ከ2016ቱ የኤንቪዲያ ትውልድ ወዲህ ያሉ ካርዶች የቪጂኤ ምስል ስለማያወጡ ሰማያዊ መሰኪያ ያለው የድሮ ሞኒተር ራሱን የቻለ መቀየሪያ ያስፈልገዋል። ከዚህም ሌላ አሮጌ ባዮስ ያለው ማዘርቦርድ አንዳንድ አዲስ ካርዶችን ላያውቅ ይችላል፤ ከመግዛት በፊት የማዘርቦርዱን ባዮስ ወደ መጨረሻው ዕትም ማሳደግ ተገቢ ነው።

አገጣጠም

የኤሌክትሪክ ገመዱ ተነቅሎ የማብሪያ ቁልፉ ለጥቂት ሰከንድ ይጫናል፤ በውስጥ የቀረው ኃይል ይወጣል። ከዚያ የኬዙን ብረት መንካት በሰውነት ላይ ያለውን ስታቲክ ያስወግዳል። ሚሞሪ ሲሰካ ሁለቱም ጫፎች እኩል ተጭነው መቆለፊያው ቀጭ እስኪል ድረስ መግባት አለበት። ማሽኑ እየጮኸ ምስል አልሰጥ ካለ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ያልገባ ወይም የቆሸሸ ሚሞሪ ነው፤ ጥገና ቤቶች ወርቃማውን እግር በንጹሕ ላጲስ ያጸዱታል። ከዚያም ሜምቴስት 86 በተባለው የሚሞሪ መፈተኛ ፕሮግራም አንድ ሌሊት መፈተን የተደበቀ ጉድለትን ያወጣል።

በኢትዮጵያ የሚሸጡት ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ በዱባይ በኩል ስለሚገቡ ከ220 ቮልት ጋር አይጋጩም። ዘመድ ከአሜሪካ ይዞት የመጣ የቆየ ዴስክቶፕ ግን ከጀርባው የቮልት መምረጫ ቁልፍ ሊኖረው ይችላል፤ 115 ላይ እንዳለ በአገር ቤት መብራት ከተሰካ ፓወር ሰፕላዩ ይቃጠላል፤ የተገጠመለትም አዲስ ዕቃ አብሮ ሊበላሽ ይችላል።

ማሳደግ የማይፈታው

የፕሮሰሰር ድካም በካርድ አይሸፈንም። የጌሙ ጥራት ዝቅ ተደርጎም ፍጥነቱ ካልጨመረ ወደ ኋላ የሚጎትተው ካርዱ ሳይሆን ፕሮሰሰሩ ነው። የሶፍትዌር ድጋፍም ያበቃል፦ ኤንቪዲያ በ2012 ለወጡት የኬፕለር ካርዶች አዳዲስ የጌም ድራይቨር ማውጣት ያቆመው በ2021 ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ክፍል ይጠይቃል፣ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም በአብዛኛው ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ ያሉትን ብቻ ይቀበላል። ሦስተኛው ትውልድ ያለበት ኦፕቲፕሌክስ 7010 ሚሞሪው 32 ጊጋባይት ቢደርስም ይህን መስፈርት አያሟላም፤ እንደ ሊኑክስ ሚንት ያለ ሲስተም ሲጫንበት ግን በ8 ጊጋባይትና በኤስኤስዲ የቤት ሥራውን በደንብ ይሠራል።